በሁለቱም ጆሮዬ የሰማሁት ራፕ

ራፕ ቤታችን የገባው በሰው ሱሪ ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው።

እናቴ የምታሳድገኝ የወደብ ሰዎችን ልብስ እያጠበች ነበር። ከድንበር ወዲያ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ሾፌሮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ሸሚዙ ላይ ነጥብ ካየ የሚያኮርፍ አንድ የወደብ ጸሐፊም ጭምር ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ያመጡላታል። ልብሱ ከመነከሩ በፊት ኪስ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። ቁልፍም ሆነ ወረቀት፣ ያገኘሁትን ሁሉ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ እከታለሁ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለስለታል። እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ትለኝ ነበር፣ ወርቅ ኪሱ ውስጥ ረስቶ የመጣ ሾፌር አንድም ቀን ባናይም።

አሥር ዓመቴ ነው። አንድ ቅዳሜ የአንድ የድሬዳዋ ሾፌር ሱሪ ኪስ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ሙዚቃ ማጫወቻ አገኘሁ፣ የጆሮ ገመዷ ዙሪያዋን ተጠቅልሎባት። ሰውዬው ለልብሱ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። እንደ ደንቡ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ እናቴ ጀርባዋን ስትሰጠኝ አወጣኋት። ድንጋይዋ አልቆ ነበርና ጎረቤት ሄጄ ከቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ አንድ ድንጋይ መንትፌ መጣሁ። ሌብነት አይደለም፣ እስከ ማክሰኞ ብድር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጎረቤታችን ሦስት ቀን ሙሉ ሪሞቷን መዳፏ ላይ እየመታች ቴሌቪዥኑን ስትረግም ከረመች።

ይቺ ጎረቤት ናት እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ባለቤት። አሮጊት ሶማሌ ናት፣ የግቢው ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት። አዬዮ ነው የምላት፤ አያት ማለት ነው በሶማሊኛ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት የሷ የልጅ ልጅ ተብዬ ነው። ምክንያቱን ያኔ ለነፍስ አባትም አልናገረውም ነበር፤ እናቴ ወረቀት አልነበራትም። ከድሬዳዋ የመጣችው እኔን በሆዷ ይዛ፣ በጭነት መኪና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ውስጥ እንደ ሌባ ትኖራለች፣ የማንንም ሳትነካ።

ራፍል የሚሉት ነገር አለ። ወረቀት የሌለውን ሰው ከየቤቱና ከየመንገዱ ለቅመው፣ መኪና ላይ ጭነው፣ ከድንበር ወዲያ የሚያራግፉበት ነው። ጠዋት ይመጣል፣ በቀትር ይመጣል፣ ሲያሰኘው ወር ሙሉ ይጠፋል። ልጅ ሆኜ ጅብ አልፈራም ነበር፤ ጅብ ወረቀት አይጠይቅም። እኛ ቤት ኑሮ በሹክሹክታ ነው። አማርኛ ከበር ውጭ ክልክል ነው። እናቴ ስትስቅ እንኳ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ሳቋ አማርኛ እንዳይሆንባት ይመስል።

የእናቴ መትረፊያ የአዬዮ ጆሮና ዓይን ነበር። አዬዮ ቀኑን ሙሉ ግቢው በር ላይ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። የራፍል መኪና መታጠፊያው ላይ ሲቆም ካየች ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ማድ ቤቷ ትገባና፣ ቅመም እንደሚወቅጥ ሰው፣ የኛንና የሷን ቤት የሚያዋስነውን ቆርቆሮ በዘነዘና ትመታዋለች። ሁለቴ ፈጠን አድርጋ፣ አንዴ ዘግየት አድርጋ። ደግማ ደግማ። ያን ጊዜ እናቴ ከግድግዳው ግርጌ ላይ ምስማሩ የወለቀውን ቆርቆሮ ገልባ ወደ አዬዮ ማድ ቤት ትሾልካለች፤ አዬዮ ከውጭ ትቆልፍባታለች። የዜጋ አሮጊት ማድ ቤት ማንም አይፈትሽም። እንዲህ እያልን አራት ጊዜ ተርፈናል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ለኛ ተረት አልነበረም።

በዚህ ውስጥ የኔ ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ በቀትር አለመተኛት። ውሃ የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ ስታጥብ ታረፍዳለች፤ ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ወንዱም ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ ትወድቃለች። ማራገቢያው እየጮኸ፣ እሷም እንደ ሬሳ ተኝታ፣ ቆርቆሮ ቢመታ አትሰማም። ስለዚህ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ ሲመታ እቀሰቅሳታለሁ። ሌላም የሸመደድኩት ነገር ነበር፣ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያስጠናችኝ። ድንገት ከያዙኝ አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም፣ የአዬዮ የልጅ ልጅ ነሽ፤ አታልቅሺ፣ እማዬ ብለሽ አትጥሪኝ። በሳምንት አንዴ ትጠይቀኛለች፣ ሳልደናቀፍ እመልሳለሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ማጫወቻዋን በአንድ ጆሮዬ ሰካሁ። አንዱን ጆሮ ለሥራ ትቼ ማለት ነው፤ ያን ያህል ልብ ነበረኝ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ስለ ፍቅር የሚያለቃቅሱ ናቸው፣ አለፍኳቸው። አራተኛው ላይ አንዲት ሴት መጣች። ዘፈን ነው እንዳልል አትዘፍንም፤ ወሬ ነው እንዳልል ከበሮ አለው። በፈረንሳይኛ፣ ትንፋሽ ሳትሰበስብ፣ ሰው ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጣላ ሴት ናት፣ ጠቧ ግን ከከበሮው ዝንፍ አይልም።

ፈረንሳይኛዬ የትምህርት ቤት ስለሆነ ከሦስት ቃል አንዱን ነው የያዝኩት። በቃኝ። እናቷ የሰው ቤት ደረጃ ታጸዳለች። ደረጃውን የሚወጡት ሰዎች ሰላም አይሏትም። ልጅቷ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቆማ ማን እንደሆኑ ትነግራቸዋለች። ሰው እንዲህ መናገር ይችላል እንዴ? እናቴ የሰው እድፍ ታጸዳለች ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ዓለም እየሰማ? ደንግጬ አጠፋሁት። እናቴን አየኋት፣ ተኝታለች። መልሼ ከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ወደድኩት። ያለ ሐፍረት ነው የምናገረው፣ ያን የመሰለ ነገር ወድጄ አላውቅም ነበር። እሑድ ቃሎቹን በከንፈሬ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ተከትዬያት እል ጀመር። ትርጉሙን ያላወቅሁትንም እንዳለ አነበነብኩት። ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ወረቀትም አለኝ፣ ስልኬ በራፕ ተሞልቷል። የማዳምጠው ግን አሁንም በአንድ ጆሮ ነው። ባሌ ሌላኛውን ለማን አስቀምጠሽ ነው እያለ ይቀልድብኛል።

ሰኞ መጣ። ነገ ሾፌሩ ማጫወቻዋን ሊወስድ ነው። በአንድ ጆሮ ከበሮው ግማሽ መስሎ ይሰማኝ ጀመር፣ ሌላው ግማሽ የሆነ ቦታ ተደብቆ የቀረብኝ። አንዴ ብቻ አልኩ። አንዴ ሙሉውን ልስማና ከዚያ ትሂድ። እናቴ ተኝታለች፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ ራፍል ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሁለተኛውን ሰካሁት።

ጥፋቴን ላሳንሰው አልፈልግም። ሰምቼዋለሁ። ሰዎች በኋላ ሕፃን ነሽ፣ ድምፁ ውጦሽ ነው አሉኝ፤ አልዋጠኝም፣ ሰምቼዋለሁ። ሴትዮዋ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከበሮው ድንገት ወፈረ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። እስከዚያ ቀን ያልሰማሁት ነው፤ ሁለቱንም ጆሮ ስለሰጠሁት ነው የተገለጠልኝ አልኩ። ቆርቆሮው ጀርባዬን ሲነዝረኝ ጭራሽ ደስ አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በመዳፌ ጭኔን እየመታሁ አጀብኩት፣ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። አፈር ልብላ።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ነው የነገረኝ፤ ገመዱን ከጆሮዬ ነቀልኩት። ሁለት የራፍል ሰዎች ናቸው። እናቴ ከምንጣፉ ላይ ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው እነሱን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ወዲያው ግን ፊቷን ሰበሰበች። በተሰባበረ ሶማሊኛዋ የቤቱ አጣቢ መሆኗን፣ ልጅቷ የባለቤቲቱ የልጅ ልጅ መሆኗን ተናገረች። ወረቀት አለሽ ሲሏት የለኝም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አንደኛው ወደኔ ዞረና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የአዬዮ ነኝ አልኩ። ሳልደናቀፍ፣ እንደተጠናው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አንገቴ ላይ ከተንጠለጠለው ገመድ አንዱን ጫፍ አነሳና ጆሮው ላይ አደረገው። ሴትዮዋ ገና እየተጣላች ነው። ትንሽ አዳመጠና ገመዱን መለሰልኝ።

«ድምፁን ቀንሺው፣ ጆሮሽን ያበላሸዋል» አለኝ።

እናቴ ሻሿን አሰረች። አላየችኝም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ በሶማሊኛ፣ አጣቢ ለቤት ልጅ እንደሚናገር፣ ሸሚዞቹ ገመድ ላይ ናቸው፣ ለአያትሽ ንገሪያት አለችኝ። እሺ አልኩ። አላለቀስኩም፣ ትእዛዝ ነዋ። መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ ከዚያ ሸሚዞቹን አወረድኩ።

አዬዮ ዘነዘናውን እንደያዘች መጣች። ስትቆም ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ መዳፏ ቀልቷል። ክንዴ እስኪዝል መታሁ እኮ፣ አልሰማችሁም? አለችኝ። ሁለታችንም እንቅልፍ ወስዶን ነበር አልኳት። ይቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። ያቺን ትንሽ ብዬ ነበር የቆጠርኳት።

ማክሰኞ ሾፌሩ መጣ። ልብሱን ሳይተኮስ፣ ማጫወቻውን ከነአዬዮ ድንጋይ ሰጠሁት። እንዲህ በታማኝነት ስላስቀመጥንለት ምርቃት አወረደብኝ፣ እኔም እየተመረቅሁ መሬት መሬት አየሁ። እናቴን ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ደፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ድንበሩ ጋ ደወሌ ላይ የሚያውቃቸው ሻይ ቤቶች እንዳሉ፣ እንደሚያጠያይቅ ነገረኝና ሄደ።

አሥራ ሰባት ቀን አዬዮ ቤት ቆየሁ። ከዓሣው የሆዱን ሥጋ ለኔ ታነሳለች፣ ጠዋት ፀጉሬን ትሠራኛለች። ስታበላኝ ዓይኗን አላይም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘፈኑ አልለቀቀኝም። ማጫወቻዋ ሄዳ እሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ፣ ውሃ ስቀዳ ይመጣል፣ ስሄድ እግሬ በሱ ይረግጣል። እናቷ የተወሰደችባት ልጅ ምን ዓይነት ልብ ቢኖራት ነው ራፕ የሚመጣባት? አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ራሴን በጥፊ መታሁ። አልቆመም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን እናቴ መጣች። ግማሹን መንገድ በመኪና፣ ግማሹን በእግሯ። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ብሎ በቢላዋ ቀደድነው። እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ቀና ብላ አየችኝና የፈራሁት መጣ።

«ግድግዳው አልተመታም?» አለችኝ።

እግሯን አየሁ። ውሃው ውስጥ ደም አለ። ተመትቷል፣ እኔ ነኝ፣ የሰው ዕቃ ሰርቄ ዘፈን እየሰማሁ ነበር ብዬ ያንን እግር እያየሁ እንዴት ልንገራት?

«አልተመታም» አልኩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። በማግስቱ እናቴ አዬዮን ፊት ለፊት ተናገረቻት። በር ላይ ተቀምጠሽ እያየሽ ዝም አልሽ፤ ልጄን ፈልገሽ ነው፣ ወይ ክፍሉን ፈልገሽ ነው አለቻት። አዬዮ በጣም ብዙ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ መትቻለሁ ብቻ አለች። አንድ ጊዜ። ከዚያ በርጩማዋን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች። ሦስተኛ ሆኜ እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ እውነቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ሰላምታ ቀረ። ዓሣው ቀረ። እናቴ ቤት እንለቃለን አለች። ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ሰው የማያውቀን ጋ፣ አንድ ክፍል አግኝታለች። አዬዮ የለችበትም፣ የሚገለበጥ ቆርቆሮም የለውም፣ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው የለውም። ሁለተኛ ጊዜ ከወሰዷት ስለ መመለሷ ማን ያውቃል? ሕፃን ብሆንም ይሄ ይገባኛል። ሐሙስ ቀትር ላይ ዕቃችንን በአንሶላ ስትቋጥር ዝም ማለት አቃተኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሱሪውን፣ ድንጋይዋን፣ ሁለተኛውን ጆሮ። ተመትቷል እማዬ፣ ሰምቼዋለሁ፣ የዘፈኑ መስሎኝ ነው አልኳት።

መቋጠሯን አላቆመችም። አላመነችኝም። አሥራ ሰባት ቀን አጉርሳሻለች፣ እንጀራዋ አፍሽ ውስጥ ስላለ ነው አለችኝ። ቆርቆሮ በዘነዘና ሲደበደብ ሰምቶ ዘፈን ነው የሚል ሰው የትም የለም፤ ለሷ ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ አለችኝ። ዋሽቼ አምናኛለች፣ እውነቱን ስናገር ዋሾ ሆንኩ። ንዴት ያዘኝ። በሷ ይሁን በራሴ አላውቅም፤ የልብስ መምቻውን ዱላ አነሳሁና ግድግዳው ጋ ቆምኩ።

ስሚ አልኳት። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ቆርቆሮው ጮኸ። ደገምኩት፣ ደገምኩት፣ ከዚያ ከላዩ ላይ የሴትዮዋን ጠብ ጀመርኩ። በከንፈሬ አይደለም፣ በድምፄ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ በማያውቅ ጩኸት። ደረጃውን፣ እናቷን፣ ሰላም የማይሉትን ሰዎች፣ ትርጉሙን የማላውቀውንም ሁሉ። እያንዳንዱ ቃል ከምቱ ላይ ይወድቃል፣ አንድም አልሳትኩም። ቃሉ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንባዬ እየወረደ ነበር፣ ግን አላቆምኩም።

እናቴ አንሶላውን ለቀቀችው። የዱላውን ምትና የኔን አፍ እያየች፣ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ገባት። አንቺ ልጅ አለች፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ግርጌ ቆርቆሮው ተገለበጠ። የአዬዮ እጅ ገባ፣ ከዚያ ራሷ፣ በዚያ ዕድሜዋ በጉልበቷ እየዳኸች፣ ሻርፗ ወልቆ። በር ላይ አልነበረችም፤ ከተጣሉ ወዲህ ወጥታ አትቀመጥም። ቤቷ ውስጥ ሆና ግድግዳው ሲመታ ሰምታለች፣ ግድግዳው የሚመታው ደግሞ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቴን እጅ ጨብጣ ጎተተቻት። እናቴ አልታገለችም። ተከትላት ሾለከች፣ እኔም ተከተልኩ።

አዬዮ የማድ ቤቷን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ እናቴን ከውሃው በርሜል ኋላ አስቀምጣ፣ ከፊቷ ተቀመጠችባት። ስንት ናቸው? አለችኝ በሹክሹክታ። እናቴ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ታለቅስ ጀመር። አዬዮ ዝም በይ፣ ይሰሙሻል አለቻት፣ አሁንም በሹክሹክታ። እናቴ ግን የምትናገርበት ሶማሊኛ ጠፋት። ወደኔ ዞረች።

«ንገሪያት» አለችኝ።

በሶማሊኛ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ከሪሞቱ ድንጋይ ጀምሬ። ማንም እንዳልመጣ፣ ግድግዳውን የመታሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ሰኞም እሷ ስትመታ ሰምቼ ዝም እንዳልኩ፣ በኋላም አልመታችም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። አዬዮ አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስም ጆሮዋ ወደ ውጭ በር ነበር። ማንም እንደሌለ እስክታምን ድረስ የእናቴን እጅ አልለቀቀችም።